ፊልሙ ያለው ሰውየው ጋ ነው፦ ከእንስሳና ከሰው እውነተኛ ታሪክ ስክሪፕት ስፈልግ ያገኘሁት

ሰኔ 1997 ዓ.ም. ላይ ከከፋ የወጣ አንድ ዜና ዓለምን አዳርሶ ነበር። ቢታ ገነት አካባቢ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ለጋብቻ ትጠለፋለች። ጠላፊዎቿ ለቀናት ይዘዋት ቆዩ፤ ደበደቧትም። በኋላ ሦስት አንበሶች ድንገት ደርሰው ሰዎቹን አባረሯቸው። ፖሊስና ዘመዶቿ እስኪያገኟት ድረስም አንበሶቹ ሳይነኳት አጠገቧ ቆዩ። ፖሊስ ለጋዜጠኞች የተናገረው ይህንን ነው። አንድ የዱር እንስሳት ባለሙያ ደግሞ ልቅሶዋ የአንበሳ ደቦል ድምፅ መስሏቸው ሊሆን ይችላል አለ።

ከፋ ለእኛ ለጅማዎች ጎረቤት ነው። ስክሪፕት መጻፍ ከሚሞክሩ ወጣቶች ጋር ቡና ላይ ስንቀመጥ ይቺ ታሪክ ሳትነሳ አትቀርም። «ይሄ እኮ በቃ ፊልም ነው!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የፊልሙ ልብ የት ጋ እንዳለ ስጠይቃቸው ግን ሁሉም ወደ አንበሶቹ ይጠቁማሉ።

አንበሶቹ የቆዩት ግማሽ ቀን ያህል ነው። ፊልሙ ደግሞ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። የቀረውን ማን ይሙላው? ሌሊቱን ስትፈልግ ያደረች እናት አለች። ከጠላፊዎቹ መሃል የልጅቷ እኩያ የሆነች እህት ያለው ሊኖር ይችላል። «ሽማግሌ ይላክና ይታረቁ» የሚል ትልቅ ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። ልጅቷ ቤቷ ከገባች በኋላ ደግሞ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል። ሰው ያላዘነላትን ልጅ አውሬ ሲያዝንላት ያየ መንደር ከዚያ በኋላ ጠለፋን እንዴት ባህላችን ነው ይላል? እኔ ብጽፈው የምጽፈው ያንን መንደር ነው።

ከዚህ ተነስቼ አንድ መመዘኛ ይዣለሁ። የእንስሳና የሰው ታሪክ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ በዚህ እንስሳ ምክንያት አንድ ሰው ዋጋ የሚያስከፍለው ውሳኔ ላይ ደርሷል ወይ የሚለውን ነው። ከደረሰ ስክሪፕት አለ። ካልደረሰ የሚያስደንቅ ወሬ ነው፤ ሰምተን «አጃኢብ!» ብለን እናልፈዋለን።

ጃፓኖች የሚያከብሩትን ሃቺኮ የተባለ ውሻ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ጌታው ቶኪዮ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ሥራ ቦታው ላይ ሳለ ሞተ። ውሻው ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየተመላለሰ፣ ራሱ በ1935 እስኪሞት ድረስ ጠበቀው። ሰው የሚያወራው ይህን ያህሉን ነው። እኔን የሚይዘኝ መሃሉ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጣቢያው አካባቢ ያለው ሰው ውሻውን ያባርረውና ያንገላታው ነበር። በ1932 ጋዜጣ ላይ ተጻፈለት። ከዚያ በኋላ ምግብ የሚያመጣለት በዛ። በ1934 ገና በሕይወት እያለ ሐውልት ቆመለት። እንግዲህ አስቡት። ውሻው ትናንት ያደርግ የነበረውን ነው ዛሬም የሚያደርገው። የተለወጠው በዙሪያው ያለው ሰው ነው። አንድ የጣቢያ ሠራተኛ ፈጥራችሁ ውሻውን ከሚያባርርበት ቀን ጀምሩ፤ ሐውልቱ ሲመረቅ ሕዝቡ መሃል አቁሙት። ሙሉ ገጸ ባህሪ አገኛችሁ።

በዚህ መመዘኛ የማይገባም አለ። እዚህ ጅማ ዞን ጎማ ወረዳ፣ ጮጬ የቡና መገኛ ናት ተብሎ የሚነገረው የፍየል እረኛ አፈ ታሪክ አለን። በየዓመቱ እሱን ፊልም ላድርገው የሚል ሰው አላጣም። ታሪኩን እወደዋለሁ። ፍየሎቹ ቅጠልና ፍሬውን በልተው ይፈነጥዛሉ፣ እረኛው ያያል፣ ቡና ይገኛል። ግን እረኛው ምን አጣ? ምን መረጠ? ይህን ካልፈጠራችሁለት ማስታወቂያ እንጂ ፊልም አይሆንላችሁም።

ጅማ ላይ ሆኖ ታሪክ ጠፋ ማለት አይቻልም። ከተማው ዳር ሲመሽ ጅብ ይጮሃል። በለጠ ጫካ ጉሬዛ አለ። ሊሙ በኩል ጥርኝ የሚይዙ አሉ። ጂሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸው ያለው አባ ጅፋር ራሳቸው የሚጠሩት በፈረስ ስም ነው፤ እንደ አባ ታጠቅና አባ ዳኘው ማለት ነው። የንጉሡን ታሪክ የጻፈ አለ። ንጉሡን በስሙ ያስጠራ ፈረስ ማን ያበላው፣ ማን ያጥበው፣ ማን አጠገቡ ይተኛ እንደነበር የጻፈ ግን አላየሁም። አንድ ባልደራስ አስቡ። ፈረሱ ቢሞት እሱ ምን ይሆናል?

አጠያየቁ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። «አስገራሚ ታሪክ ካለህ ንገረኝ» ስትሉት ሰው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ከሌላ የሰማውን ያወራል። እኔ የምጠይቀው ቀላል ቀላሉን ነው። ስሙ ማነው? ከማን ገዛኸው? ምን ያበሉታል? ታሞ ያውቃል? ማንን ይፈራል? ሰው ስለ ላሙና ስለ በሬው ሲጠየቅ ስለ ራሱ እንደተጠየቀ አይቆጥረውም። ስለዚህ አይደብቅም። «ከማን ገዛኸው» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ስንት ዕዳ፣ ስንት ጥሎሽ፣ ስንት የወንድማማች ጠብ እንዳወጣልኝ አልነግራችሁም።

ሂርማታ ገበያ ዳር የማውቃቸው አዛውንት ባለጋሪ አሉ። ሐሙስ ገበያ ነው፤ ጆንያ ሲያወርዱ አገዝኳቸውና ወሬ ጀመርን።

«አባባ፣ ፈረሱ ስሙ ማነው?»

«ዳማ ነው የምለው። መልኩ ነው።»

«ከማን ገዙት?»

«ከአጋሮ ሰው። ያኔ ውርንጭላ ነበር ማለት ይቻላል። እኔም ጥርሴ አልወለቀም ነበር።»

«ታሞ ያውቃል?»

እዚህ ላይ ዝም አሉ። አንገቱን በእጃቸው ደጋግመው ዳበሱት። ትከሻው ላይ የተገጠበ ቦታ አለ፤ ቁስሉ ድኖ ጠጉር ሳያወጣ ቀርቷል። እሱን በአውራ ጣታቸው እየነኩ፣ ታሞ በረት ውስጥ አብረውት እንዳደሩ ነገሩኝ። ከዚያ «ና ውጣ፣ መንገዴ ነው፣ ላድርስህ» አሉኝ።

ትንሽ ሄደን ፈረሱ በራሱ ቆመ። ልጓም የሳበ የለም። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ፊት ለፊት ነው የቆመው፤ በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ዝጓል። ሰውየው አልመቱትም። አልተቆጡትም። ዝም ብለው ጠበቁት። ከኋላችን ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋብን።

«ወፍጮ ቤት ነበር» አሉኝ። «ባለቤቷ ፉርሽካ ትሰጠው ነበር። ካረፈች ቆየች። እሱ ግን አላመነም።»

ይህን ስሰማ ደስታም ሐዘንም ተደባለቀብኝ። ግን ይሄ ገና ወሬ ነው፤ ውሳኔው አልመጣም። እሱን ያመጣው የሚቀጥለው ነገር ነው። ልጃቸው ጋሪውን ሸጠን ለባጃጅ ቅድሚያ እንክፈል እያለ ይወተውታቸዋል። ጋሪው ገዢ ያገኛል። ያረጀ ፈረስ ግን ማን ይገዛል? «ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ» አሉኝ። አውቃለሁ። ሥራ ያቃተው የጋሪ ፈረስ አስፋልት ዳር ይለቀቃል። ቀን መኪና፣ ማታ ጅብ። ከተሞቻችን ውስጥ በዓይናችን የምናየው ነገር ነው።

አሁን ስክሪፕት ሆነ። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ልጅ፣ አንድ ፈረስ። ልጁ ትክክል ነው፤ ቤተሰቡ መብላት አለበት። አባትየውም ትክክል ናቸው። ሁለቱም ትክክል የሆኑበትን ጠብ እስካላገኛችሁ ድረስ ጽሑፍ አትጀምሩ፤ አንዱን ክፉ አድርጎ መገላገል በጣም ቀላል ነው፣ ተመልካቹ ግን ያውቅባችኋል።

አጻጻፉ ላይ የምጨነቅበት አንድ ነገር አለ። ባለጋሪው «አላመነም» ማለት ይችላሉ፤ ፈረሳቸው ነው። እኔ ግን ስክሪፕቱ ላይ «ፈረሱ ሴትዮዋን እያሰበ አዘነ» ብዬ መጻፍ አልችልም። ካሜራው ማሰብን አይቀርጽም። ፈረስም ተዋናይ አይደለም፣ «እዘን» ብትሉት አያዝንም። የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ ነው የምጽፈው። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ሲኑ (ትዕይንቱ) እንዲህ ነበር፦

ውጭ። የወፍጮ ቤት ደጅ። ማለዳ።
ጋሪው እየመጣ ነው። ባለጋሪው ልጓም አልሳቡም። ፈረሱ ይቆማል። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ዝጓል። ፈረሱ አንገቱን ወደ በሩ ያዞራል። ጆሮው ይቆማል። ባለጋሪው አለንጋውን ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ከኋላ የባጃጅ ጥሩምባ። ባለጋሪው አይዞሩም።

ምልልስ የለም። ሐዘኑን ተመልካቹ ራሱ ያመጣዋል። እንስሳ ያለበት ሲን ላይ ቃል በቀነሳችሁ ቁጥር ይጎላል።

ሁለተኛው ታሪክ ከሰቃ መንገድ ነው። በቆሎ ሲያሽት ዝንጀሮና ጦጣ ማሳውን ያጠፉታል። ስለዚህ ማማ ይሠራል፤ ልጆች ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው ይውላሉ። ጠባቂ ልጅ በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤት አይሄድም። ገበሬው «ዝንጀሮ ወንድ እንጂ ሴትና ልጅ አይፈራም» ይላል። አንዲት እናት፣ ባሏ ሥራ ፍለጋ በሄደበት ጊዜ ልጇን የአባቷን ካፖርትና ባርኔጣ አልብሳ ማሳው ላይ ታቆማት እንደነበር ነገረችኝ። ካፖርቱ መሬት ይነካ ነበር አለች። ዝንጀሮዎቹ መጀመሪያ ሸሹ። ኋላ ግን ነቁባት።

እዚህ ላይ ውሳኔው ከየት ይመጣል? ከፈተናው ቀን። ልጅቷ ክልላዊ ፈተና ያለባት ጠዋት፣ ዝንጀሮዎቹ ማሳው ዳር ተሰብስበዋል። የዓመቱ እህል ነው። እናትየዋ ምን ትምረጥ? ይህኛው ክፍል የእኔ ፈጠራ ነው። እውነቱ ካፖርቱ ላይ ያበቃል። እኔ ካፖርቱን ወስጄ አንድ ቀን ብቻ ቀጠልኩበት። ከእውነተኛ ታሪክ መነሳት ማለት ለእኔ ይሄው ነው፤ ማንም ከወንበሩ ላይ ሆኖ ሊያስበው የማይችለውን አንድ ነገር ከሰው ተቀብሎ፣ ቀሪውን በኃላፊነት መፍጠር።

ጥርኝን በተመለከተ ባጭሩ ላንሳ። ሊሙ ውስጥ ወንድ ጥርኝ በእንጨት ጎጆ እየያዙ ዝባድ የሚያወጡ ቤተሰቦች አሉ፤ ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ጥርኙ ተይዞ ከጭራው ሥር ካለው ዕጢ ዝባዱ በቀንድ ማንኪያ ይጠረጋል፤ የሚጠራቀመውም በከብት ቀንድ ውስጥ ነው። ሽታው ቤቱን ሙሉ ይይዘዋል። ይህ ዝባድ ለዘመናት ወደ ውጭ እየተሸጠ ለሽቶ ሥራ ውሏል። አሁን ግን ብዙዎቹ ሽቶ አምራቾች ወደ ሰው ሠራሹ ዞረዋል፤ አያያዙም እንስሳውን ያሠቃያል የሚል ክስ ይቀርብበታል። የእንስሳት ሕክምና ተምራ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ልጅ አባቷ ቤት ስትገባ አስቡ። የተማረችበት ክፍያ ከዚያ ቀንድ ነው የወጣው። ጎጆውን ትክፈተው? ይህንን ገና አልጻፍኩትም። ሊጽፈው የሚፈልግ ሰው ካለ ይውሰደው፤ ግን ሊሙ ሄዶ ሽታውን ሳያሸት እንዳይጀምር አደራ።

ታሪክ የሚገኝበትን ቦታ ለሚጠይቁኝ፣ ከገበያ ቀጥሎ የእንስሳት ክሊኒክን እመክራለሁ። ላሙን ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ያወራል፤ ጭንቀት ላይ ነው። ሌላው ፍርድ ቤት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። በሬ ሰው ወጋ፣ ውሻ ነከሰ፣ ከብት ማሳ ገባ ሲባል ጎረቤትና ጎረቤት ዳኛ ፊት ይቆማል። በግልጽ ችሎት ቁጭ ብላችሁ አድምጡ። ጠቡ ስለ በሬ ይጀምርና የድሮ ድንበር ላይ ይደርሳል።

የሰማችሁትን አጣሩ። ተራኪው በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይታችሁ ያዙ። እኔ ሁልጊዜ «አንተ ያኔ የት ቆመህ ነበር?» እላለሁ። ያየ ሰው የቆመበትን ቦታ ያሳያል፤ ዛፉን፣ አጥሩን ይጠቁማል። የሰማ ሰው ደግሞ ታሪኩን ያሳምራል። ሁለቱም ይጠቅማሉ፣ ግን እኩል አይደሉም። «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ብሎ መጻፍ ከፈለጋችሁ ደግሞ የግድ ከአንድ ሰው በላይ ጠይቁ።

ስለ መብት ብዙ ጥያቄ ይመጣል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን ወይም የዕለት ዜናን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የተጻፈበትን መንገድ ነው። ስለዚህ ጋዜጣ ላይ ካነበባችሁት ክስተት መነሳት ትችላላችሁ፤ የጋዜጠኛውን አረፍተ ነገር መገልበጥ ግን አትችሉም። ከዚህ ሕግ በላይ የሚከብደኝ የባለታሪኩ ፈቃድ ነው። በተለይ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሲሆን፣ እንደ ከፋዋ ልጅ፣ ስሟን፣ መንደሯን፣ መልኳን ነክቼ መጻፍ አልፈልግም። እሷ ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፤ የራሷ ኑሮ አላት። ከዜናው የምወስደው የታሪኩን አጥንት ብቻ ነው። ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቤተሰብ፣ ሌላ ስም እሰጠዋለሁ። ሰውየውን በአካል የማውቀው ከሆነ ደግሞ ሄጄ እጠይቃለሁ፤ ከፈቀደልኝ ምን እንደማስቀር፣ ምን እንደምቀይር እነግረዋለሁ። በጽሑፍ ፈርመን ብንይዘው ለፕሮዲውሰሩም ይቀላል።

በጀቱን ስትጽፉ አስቡ። ፈረስ፣ አህያ፣ ዶሮ፣ ውሻ ከባለቤቱ ጋር ተከራይቶ ይቀረጻል፤ ባለቤቱን ከካሜራው ጀርባ አቁሙት፣ እንስሳው የሚረጋጋው እሱን ሲያይ ነው። ፈረሱ እንዲያነክስ የሚጠይቅ ሲን ካላችሁ ማንም ፈረሱን እንዳይጎዳ ስክሪፕቱ ላይ በሌላ መንገድ ጻፉት፤ የእግር ድምፁን ማሰማት፣ ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ኮቴውን ሲያይ ማሳየት ይበቃል። ጅብ ከሆነ ደግሞ ጅቡን አታሳዩ። ጨለማ። የሰፈር ውሾች ይጮሃሉ። አንድ ላይ ዝም ይላሉ። ፈረሱ ጆሮውን ያቆማል። ጅማ ያደገ ተመልካች ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልገውም፣ ወጪውም የድምፅ ብቻ ነው።

የባለጋሪውን ስክሪፕት ረቂቅ ለራሳቸው አነበብኩላቸው። ይህን ሁላችሁም ብታደርጉት እወዳለሁ። እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛው «አለንጋውን ጭኔ ላይ አላደርግም፣ እግሬ ሥር ነው የማኖረው፤ ካየው ይደነብራል» የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ ልጃቸው ነው። «ልጄን ስስታም አታስመስልብኝ። እሱም ልጆች አሉት።»

አለንጋውን እግራቸው ሥር አወረድኩት። ለልጅየውም የራሱ ሲን ሰጠሁት፤ ባጃጅ ሻጩ ጋ ሄዶ ስለ ቅድሚያ ክፍያ ሲከራከር፣ ከኪሱ ያወጣው ብር ሲያንሰው። አሁን እየጻፍኩ ያለሁት እሱን ነው።